የአባቷ ሁለተኛ ጥያቄ

እቴነሽ ደሳለውን ያወቀችው ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ስትመለስ ነው። የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ ዝናብ ላይ ወረደ። ደሳለው ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና እሱ በሸሚዝ ሲንቀጠቀጥ ቆየ። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ሳቁ።

ከኩዌት ተመልሳ ከጓደኛዋ ከመክሊት ጋር የልብስ ስፌት ሱቅ ከከፈተች ወዲህ እንዲህ ያሰበላት ሰው አልነበረም። ጠዋት ይደውላል፤ ምሳ ሰዓት ይደውላል፤ ማታ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስልኳን ካላነሳች ግን ያኮርፋል።

«እቴዋ» አለቻት መክሊት አንድ ቀን፣ «ይኼ ልጅ ይወድሻል ወይስ ዘብ ቆሞብሻል?»

«ቀንተሽ ነው!»

ቃሉ የራሷ አልነበረም፤ ደሳለው ያቀበላት ነው። መክሊት የስፌት መኪናዋን አስጭና ከጋራ ሱቃቸው ወጣች።

አንድ እሑድ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረዱ። እቴነሽ አንድ የድሮ ደንበኛዋን አግኝታ ስቃ ሰላም አለችው። ሲመለሱ ደሳለው ክንዷን ጨምድዶ ያዘ።

«ለማንም ጥርስሽን አታሳዪ!»

ስታለቅስ ደነገጠና እግሯ ላይ ወድቆ እሱም አለቀሰ። «ስለምወድሽ እኮ ነው። አንቺ ከሌለሽ እኔም የለሁም።»

እንባውን ጠረገችለት። «ይቅርታ» ያለችውም እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፀሐይም እጅጌው ረጅም ልብስ መልበስ ለመደች።

ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲነግራት አስቀድማ ለአባቷ ልታሳውቅ አንበሳሜ ሄደች። አባቷ አቶ ይሻው በረንዳው ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

«ትፈሪዋለሽስ?»

አልፈራውም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቀስ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። የጣቶቹ አሻራ ክንዷ ላይ ጠቁሯል፤ አንዱ ሳይድን ሌላው ተደርቦበታል።

«በሰው አገር ስንቱን ችዬ መጥቼ…» እጅጌዋን መልሳ አወረደች። «በገዛ አገሬ፣ በገዛ ፈቃዴ።»

«የመታ ይፈር እንጂ የተመታ ምን ያፍራል፣ ልጄ!»

እንዲህ ሲሉ ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። አገር ምን ይላል የሚለው ጭንቀት በእሳቸውም ፊት ላይ ነበር። እሷም አይታው አንገቷን ደፋች።

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አቶ ይሻው ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ አልፈቀደችም። እኔም አልፈቅድም» ብለው ሸኟቸው።

ደሳለው ሱቁ በር ላይ መጥቶ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ሰደባት፤ ቀጥሎ በሩን በእርግጫ መታው። እቴነሽ ጎረቤት ጠርታ ለፖሊስ አመለከተች። ከዚያ ወዲያ ከተማውን ለቀቀ ተባለ።

ክረምቱ ሲወጣ እቴነሽ፣ መክሊት ለብቻዋ የከፈተችውን ሱቅ ደጃፍ ረገጠች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ምን ብዬ ልግባ?»

«እግርሽን አንስተሽ!» አለቻት መክሊት።

ገብታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመች።

«አሁንም ይናፍቀኛል፣ መክሊትዬ። አፍሬ ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።»

መክሊት የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ የምትቀመጥበት ዱካ ሳበችላት።

«ይናፍቅሽ። ብቻሽን ግን አይሁን፤ እዚህ እኔ አጠገብ ተቀምጠሽ ይናፍቅሽ።»