የመጨረሻው ረድፍ እንግዶች

«ሙሉ ስሙን ላንብበው ወይስ ላሳጥረው?» አሉ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይዘሮ ኦከርሉንድ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹የማኅበረሰብ ስኮላርሺፕ› ብዬ ባልፈው ማንም አይጠይቅም። አንቺ እንዳልሽ ነው።»

 ብሪን ያገኘችው ስኮላርሺፕ ሙሉ ስሙ «የሐይቅ ዳር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪና ትራንስጀንደር ተማሪዎች ስኮላርሺፕ» ነው። በተመራቂዎች የሽልማት ምሽት ደግሞ ሁሉም በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ የዱሉት ከተማ ሰው ግማሹ አዳራሹ ውስጥ ነው። አባቷም አለ። ስኮላርሺፕ ማግኘቷን እንጂ የምን እንደሆነ አያውቅም። እሷ ራሷ ከእነዚህ አንዷ መሆኗንም አያውቅም።

«ትንሽ ላስብበት» አለች።

«ቶሎ በይ ታዲያ፣ ሙዚቃው ሲያበቃ እንጀምራለን።»

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብለው ውሃ የሚጠጡትን አሮጊት አወቀቻቸው። ሎይስ ናቸው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለስኮላርሺፑ ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት። ኳስ አንከባሎ እንጨት የሚጣልበት የቦውሊንግ ጨዋታ ቡድን ሐምራዊ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ ስማቸው ተጠልፏል።

«መጡ እንዴ? እኔ እኮ ገንዘቡን በፖስታ የምትልኩልኝ መስሎኝ ነበር!»

«በየዓመቱ እንመጣለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ቦውሊንግ እንጫወታለን፣ የተሸነፈ ቆርቆሮ ውስጥ ገንዘብ ይጥላል፤ ስኮላርሺፑ ከዚያ ነው። እኔ ብቻዬን በሽንፈቴ አንዲት ሐኪም አስተምሬአለሁ። አጨዋወቴን ብታዪ ይገባሽ ነበር!»

ብሪን ሳይታወቃት ሳቀች። «ሙሉ ስሙን ሳያነቡት ቢቀሩስ?»

«ብዙ ጊዜ አያነቡትም። እናጨበጭብና ወጥተን ኬክ እንበላለን።»

«አይከፋችሁም?»

«ለምን ይከፋናል? ልጁ ማታ የሚገባው እናት አባቱ ቤት ነው። እኛ እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ነው የመጣነው፤ ልናጋልጠው አይደለም።» ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ወደ አዳራሹ ገቡ።

ብሪን በበሩ ክፍተት አየች። የመጨረሻው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ነው። ሁለት አሮጊቶች አንድ መነጽር እየተቀባበሉ ፕሮግራሙን ያነባሉ፤ ተራዬ ነው፣ አይደለም ይባባላሉ። አንድ ሽማግሌ የባላቸውን ኮሌታ ያስተካክላሉ።  እንደ እሷ ያለ ሰው ጸጉሩ ሸብቶ አይታ አታውቅም። ስልኳ ላይ የምታያቸው ሁሉ ወጣቶች ናቸው። እዚህ ዕድሜ ድረስ መድረስ፣ ደርሶም በመነጽር መነታረክ እንደሚቻል ማንም አልነገራትም ነበር። እንባዋ መጣ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም።

ከዚያ በሐምራዊዎቹ መሃል አንድ የወደብ ሠራተኛ ጃኬት አየች። አባቷ! ከሥራ ሲመጣ በቆሸሸ ጫማው ስለሚያፍር ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። አሁን ከዘራ ለያዙ አንድ አዛውንት ኳስ አወራወር እያሳየ ይስቃል። ወደ እነሱ ሄደች።

«ብሪኒ! እኚህ ሰውዬ ኳሳቸው ሁሌ ወደ ግራ ነው አሉ የሚሄደው። ነጻ ምክር እየሰጠሁ ነው።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። የማን አያቶች ናቸው?»

 ባለ ከዘራው ይህን ሰምተው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ። «የማንም አይደለን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽልማት ማየት ስለምንወድ ነው።»

ብሪን አየቻቸው። ለእሷ ብለው ዋሹ። ረድፉ ሁሉ፣ ሎይስም ጭምር፣ እንደማያውቃት ሰው ፊቱን አዙሯል።

«የኔ ናቸው» አለች። «ለኔ ነው የመጡት፣ አባዬ።»

አባቷ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ፣ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አየ።

«ስሜ ሲጠራ ከፊቱ የሚባለውን ደህና አድርገህ ስማ» አለችው። «ከዚያ በኋላም እዚሁ ጠብቀኝ። እሺ?»

አባቷ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «የት እሄዳለሁ?» አለ።

ሙዚቃው እያለቀ ነበር። ብሪን እየሮጠች መጋረጃው ጀርባ ደረሰች።

«ሙሉውን ያንብቡት» አለች።