ግድግዳው ትንፋሽ ያጠረበት ክረምት

በዚያ የነሐሴ ማለዳ የሕፃናት ማቆያው ግድግዳ ትንፋሽ አጥሮት ስለ ነበር የግድግዳ ሐኪሟ እንግዳወርቅ ተጠራች። እርሷም የጭቃ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች፤ በአልጋዎቹ መካከል ተንበርክካም ማዳመጫዋን ከግንቡ ላይ አሳረፈች።

በጮቄ ተራራ ትከሻ ላይ በተቆረቆረችው በጉማምባ ከተማ ግድግዳ ቢታመም የሚደነቅ አልነበረም። የሕፃናቱ ቤት የታነጸው ከልበ ግንብ ነው፤ ልበ ግንብ ማለት ከብርጭቆ ክርና ከሕያው አልጌ፥ ማለትም በውኃ ላይ ከሚያድገው አረንጓዴ ልምላሜ፥ ተሸምኖ እንደ ልጅ በእንክብካቤ የሚያድግ ግድግዳ ነው። ሰዉ «አፍንጫ» በሚላቸው ቀዳዳዎቹ የውጭውን አየር ይስባል፤ አጣርቶና ቅዝቃዜውን አለዝቦም ወደ ውስጥ ያስገባል። ሕፃናቱ የተነፈሱትን ያደፈ አየር ደግሞ ወደ ውጭ ያስወጣል። ክረምት በገባ ቁጥር ቤቱን ያዳርስ የነበረው ሳል በዚህ ጥበብ ጠፍቶ ኖሯል።

አሁን ግን ተመልሶ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሸጋገር ጀመር። ከሚያስሉት መካከል የእንግዳወርቅ የራሷ ልጅ ፍኖት አንዷ ነበረች። ትኩሳቷ ወደ ሳንባ ምች እንዳይለወጥ የማቆያው ሐኪም መድኃኒት ጀምሮላታል፤ ሆኖም «የቤቱ አየር ካልተለወጠ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም» ብሎ እናቲቱን አስጠንቅቋት ነበር።

«ምን አገኘሽበት እንግዳዬ?» አሉ ሞግዚቷ እትዬ የሺመቤት፥ አንድ ሕፃን በጀርባቸው እንዳዘሉ።

«ደኅና ነው። ክሩ አልተበጠሰም፤ አልጌውም አልደረቀም።»

«ደኅና ከሆነ ምነው ዳገት እንደ ወጣ አህያ ያለከልካል?»

«አፍንጫዎቹ ተዘግተው ነው። የደፈናቸው ነገር ግን የለም፤ ራሱ ነው ከውስጥ የዘጋቸው።»

«አኩርፏል በይኛ!» አሉ እትዬ የሺመቤት። ነገር ግን ፍኖት ስታስል ሰምተው ሣቃቸውን ዋጡት።

ልበ ግንብ ትእዛዝ አይቀበልም። የሚያድገው ሕፃናትን የሚንከባከቡ ሰዎችን እጅ እየተመለከተ፥ ያየውንም እየደገመ ነው። ስለዚህ እንግዳወርቅ የግድግዳውን ሥር በጣቷ ነካ አድርጋ ትዝታውን ቀሰቀሰች፤ ትዝታውም በገጹ ላይ በብርሃን ተሥሎ ታየ። ፊት አልነበረበትም፤ ግድግዳው ፊትን ለማስታወስ አልተፈጠረምና። የታዩት እጆች ብቻ ነበሩ።

አንዲት መዳፍ ከሕፃን ራስጌ ያለውን አፍንጫ ሸፈነች። ሌላዋ የነጠላ ጫፍ ወተፈችበት። ሦስተኛዋ ኮፍያ ደፋችበት። ልጅ ሲያደርሱና ሲወስዱ፥ ማንም ሳያያቸው፥ ክረምት በመጣ ቁጥር እጆቹ እየተፈራረቁ ይደፍኑ ነበር። ሁሉም ልጁን ነፋስ እንዳይመታው ይሠጋል፤ ሁሉም ስለ አንድ ልጅ አንድ አፍንጫ ቢደፈን ማንም አይጎዳም ይላል።

«ልጅን የሚወድ ሁሉ ሲደፍን አየ» አለች እንግዳወርቅ በዝግታ። «ስለዚህ እርሱም ሕፃናቱን ሊወድ ብሎ ዘጋ።»

እትዬ የሺመቤት ወደ ብርሃኑ ቀረቡ። «ውይ! ያቺ የእኔ ናት። በር የቀጠቀጣትን ጥፍሬንማ መቼም አላጣትም።» ቀጥለውም ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይህችስ የማን ናት?»

እንግዳወርቅ የተቀሰረውን ጣት ተከትላ አየች። ከፍኖት ራስጌ ያለውን አፍንጫ አንዲት ግራ እጅ ሸፍናዋለች፤ ጓደኛዋ ቀኝ እጅ ግን ማዳመጫ ይዛለች። ልጅን የሚያሳምመው የታፈነ ቤት እንጂ ነፋስ እንዳልሆነ ለከተማዋ ወላጆች ሁሉ ያስተማረችው እርሷ ነበረች።

እትዬ የሺመቤትም የማን እጅ እንደ ሆነች ዐወቁ፤ «የልጅ ነገር ነው፤ ምን ይደረግ» አሉ።

ግድግዳው በእጅ የተማረውን ሊረሳ የሚችለው እጆች ሲከፍቱ ካየ ብቻ ነበር። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ወላጆች ተጠሩ፤ እንግዳወርቅም የራሷን እጅ ሳትሸሽግ ሁሉንም አሳየቻቸው። አንዳንዶቹ ዐፈሩ። የአየር ባቡር ነጂው አቶ ደምሰው ግን ልጁን ታቅፎ ተቈጣ።

«እና ለነሐሴ ነፋስ ልስጠው? በዚህ ዝናብ ፍየል እንኳ ከመጠለያ አይወጣም! ከራስሽ ልጅ ጀምሪያ!»

«ከእርሷው ነው የምጀምረው» አለችው።

ፍኖትን በጋቢ ጠቀለለቻት፤ ኮፍያዋንም እስከ ጆሮዋ አወረደችላት። ከዚያም ከራስጌዋ ያለውን አፍንጫ በጣቶቿ ቀስ ብላ ከፈተችው። እርጥብ ሣር፥ እርጥብ አፈር የሚሸት አየር ገባ።

«እማዬ፥ በረደኝ።»

የእንግዳወርቅ እጅ ሳትታዘዝ ተነሣች። አየሩ ለዝቦ እንደሚገባ ታውቃለች፤ የልጇ ሳንባም አየሩን እንደሚሻ ታውቃለች፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አንዲቱን እጅ ሊገታ አልቻለም። ወላጆቹ እጇን ተመለከቱ። በግድግዳው ላይ የተዘጉት አፍንጫዎች እንደ ዓይን ቆብ ተርገበገቡ፤ ከዚያም ጸጥ ብለው ጠበቁ።

እጇ በአየር ላይ ቈየች። በመጨረሻ ወደ ጋቢው ዝቅ አለችና ጨርቁን እስከ ልጅቱ አገጭ ሳበችው። እንግዳወርቅም ያቺን እጅ በሌላው እጇ ተጭና እዚያው ያዘቻት።

ከጎን ያለው አፍንጫ ተከፈተ። ቀጥሎ ያለውም ተከተለው። ቤቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

አቶ ደምሰው ልጁን አስተኝቶ በሚገባ ሸፈነው፤ ሁለት እጆቹንም በካፖርቱ ኪስ ከተተ። «እዚህ አስሬያቸዋለሁ» አለ። «ያመለጡ እንደ ሆነ ንገሩኝ።»

ሳሉ ቀስ በቀስ ከቤቱ ወጣ። ፀሐይ በተመለሰችበት በመስከረም ፍኖት ድና በደጅ ስትሮጥ፥ ከቆላው ከተማ የመጡ መሐንዲሶች እንግዳወርቅን አነጋገሯት።

«ግድግዳው ከሰው ድካም እንዳይማር ዓይኑን እንዝጋው» አሏት። «ከእንግዲህ እጃችሁን አያይም፤ እናንተም አታሳስቱትም።»

እንግዳወርቅ በመስኮት፥ የሰው እጅ እያዩ ወደሚያድጉት ሕፃናት ተመለከተች።

«መልካም» አለች። «የእነዚህንስ ዓይን በምን ልትዘጉት ነው?»