ያልተቀባው ክንፍ

«ወርቃማ ቀቢው ብያለሁ! በአሮጌ የጫማ ሶል የተሠራ ወፍ እንዲሁ ኤግዚቢሽን ውስጥ አላስገባም።»

የሥዕል መምህሩ የቀለሙን ቆርቆሮ ጠረጴዛዋ ላይ ጓ አድርጎ ሄደ። ከኋላ አንዱ «ሶሊት፣ ወፍሽ እግሯ ይሸታል እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሶሊት የሚሏት የጫማ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው። ሰው ጫማው ሲቀደድ ወደ ሰፊው ይሮጣል፤ ከተሰፋለት በኋላ ግን ሰላምታውን እንኳ ይሰስታል።

አባቷ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። ከሱቁ የተረፉት፣ ባለቤቶቻቸው አሰፍተው የረሷቸው ጫማዎች ነበሩ። እናቷ «አውጥተሽ ጣይልኝ፣ ዓይኔ አይያቸው» ስትላት፣ ልጅቷ ከስፌቱ በላይ በምላጭ እየቆረጠች ሶሎቹን ላባ አደረገቻቸው።

የዚያን ቀን ወፏን ይዛ ቤት እንደደረሰች አንዱን ክንፍ ቀባች። ቀለሙ ወፍራም ነውና ስፌቱን ዋጠው። ክንፉ አብለጨለጨ፤ የስጦታ ዕቃ መሸጫ መስኮት ላይ የሚደረደር ነገር መሰለ።

እናቷ ከሥራ ገባች። እስከ ዛሬ ወፏን ቀና ብላ አይታት አታውቅም። አሁን ግን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ባልተቀባው ክንፍ ላይ ጣቷን አስኬደች።

«የሱ እጅ ነው» አለች። «ተመልከቺ፣ ስፌቱ ወደ ግራ ያጋድላል።»

«ግራኝ ስለነበረ?»

«ግራኝ ብቻ? ግትርም ነበር እንጂ! ‹ስፌትህ ተንጋደደ› ሲሉት፣ ‹አንተ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ እሱም ይቃናል› ይላቸው ነበር።»

ሳቅ አመለጣት። ልጅቷ እናቷ ስትስቅ ከሰማች ዓመት ሊሞላ ነው። እናትየው ወደ ወርቃማው ክንፍ ዞረች።

«እዚህ የነበረው ስፌትስ የት ገባ?»

 ብሩሹ ልጅቷ እጅ ላይ እየደረቀ ነው።

«እማ፣ ካልቀባሁት እኮ አያስገቡልኝም።»

«አንቺ ነሽ የለፋሽበት፤ እንዳልሽ አድርጊ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ብቻ ትንሽ ልየው።»

በማግስቱ መምህሩ የአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ግማሿ ወርቅ፣ ግማሿ ሶል የሆነች ወፍ ስትመጣ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? እንዲህማ አይገባም!»

«እሺ ቲቸር» አለች ልጅቷ።

ወፏን ሰው ሁሉ የሚወጣበት የአዳራሹ ደረጃ ላይ አስቀመጠችና ያልተቀባውን ክንፍ ወደ መንገዱ አዞረችው። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች።