በላንድ ክሩዘሯ ውስጥ የታፈነው ትነት

ሥራ አስኪያጁ ገብረትንሣኤ ከምሳ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ላንድ ክሩዘር ውስጥ መስኮቱን ዘግተው ማሸለብ ይወዱ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳይነቁ ቀሩ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት የቤንዚን ሽታ ወደ ኋላ መለሰው። ሐኪሙም አስም የነበረባቸውን ሰው የገደላቸው የቤንዚን ትነት ነው አለ።

መቶ አለቃ ትብለጽ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ወዳለው የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ገነነ፣ ሾፌሩ እንድሪስና መካኒኩ አጽብሐ። ገነነ ከራሷ እስከ እግሯ አይቷት ወንድ መርማሪ ጠፍቶ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ትብለጽ የፖሊስን ጋራዥ ለዓመታት ስታስተዳድር እንዲህ ያለውን አስተያየት ጠግባዋለች። ናቀችውና ወደ መኪናዋ አለፈች።

«ይህ አሻጥር ነው፤» አለ ገነነ መካኒኩን በአገጩ እየጠቆመ። «ባለፈው ሳምንት ትሸታለች ተብላ እሱ ነው የጠገናት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ቱቦ ሳያስተካክል ለቀቃት።»

በዚያ የአብዮት ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስበላ ነበር። አጽብሐ ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ትብለጽ ለነፍሱ እንኳ መከራከር የማይችለውን ይህንንም ሰው ናቀችው። ቆይቶ ግን የነዳጁን ማጠራቀሚያ፣ የሰልባትዮውን ክዳን እንደለወጠና ከዚያ ወዲህ ሽታው እንደጠፋ ተናገረ። እንድሪስም እውነት ነው አለ።

እንድሪስን ለብቻው ወስዳ ስለ ጠዋቱ ጠየቀችው። ገነነ ነዳጅ በኩፖን በሚሰፈርበት ጊዜ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ኩፖን ሰጥቶ ሰልባትዮውን እስከ አፉ አስሞላው። ግቢ ሲገቡም እንግዳ ይመጣል ብሎ መኪናዋን ከጥላው አስወጥቶ ፀሐይ ላይ አስቆማት። ሁሉም ሲወርዱ እሱ ብዕሬ ወደቀ ብሎ ከኋላ ወንበር ብቻውን ቀረ። እንግዳው አልመጣም። ሟቹ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሽታ እንደማይለዩና ቢሮው ሁሉ እንደሚቀልድባቸው ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

ትብለጽ ቤንዚኑን በጥንቃቄ አስቀዳች። ክዳኑን አስዘግታ በጎማ መንፊያ ወደ ባዶው ሰልባትዮ ጥቂት አየር አስነፋች፤ የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው እንዲያሳያት ራሷም የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባች ዞረች። ክዳኑ ላይ አረፋ የለም። ከመኪናዋ ሥር ያሉት መገጣጠሚያዎችም ደህና ናቸው። በመጨረሻ የኋላውን ወንበር አነሳች። ትነቱን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ በምላጭ ተሰንጥቆ አረፋ ይተፋ ነበር።

ሦስቱንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«አጽብሐ ቱቦውን ባለፈው ሳምንት ቆርጦት ቢሆን ኖሮ፣ ሾፌሩ ሳምንቱን ሙሉ ይሸተው ነበር። ስለዚህ የተቆረጠው ዛሬ ጠዋት ነው። እንድሪስ መኪናዋን ሞላ፣ ፀሐይ ላይም አቆመ፤ ሁለቱንም ግን በትእዛዝ ነው ያደረገው። የሞላ ሰልባትዮ ፀሐይ ሲመታው ይተናል፤ ትነቱም በተሰነጠቀው ቱቦ በኩል ወደ ዝግ መኪና ይገባል። ትእዛዙን የሰጠውም፣ ከኋላ ብቻውን የቀረውም አንድ ሰው ነው።» ወደ ገነነ ዞረች። «ወንበሩን ከማንሳቴ በፊት ከሥሩ ቱቦ እንዳለ ነግረኸኛል። እንድሪስ እንደነገረኝ አንተ የሞተሩን ክዳን እንኳ ከፍተህ የማታውቅ ሰው ነህ።»

ገነነ ወደ መኪናዋ አመለከተ። «እሳቸው እኮ ተኝተው ነው የሚውሉት፤» አለ። «መሥሪያ ቤቱን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ።»

«ለሹመት ብለህ የተኛ ሰው ገደልክ። ግድያውን ደግሞ በሌላ ሰው ላይ ልታሳብብ ነበር።»

አጽብሐን አዲስ ቱቦ አስገጥማ በሳሙና ውሃ ዳግም ፈተሸችው፤ አረፋ አልታየም። ያን ጊዜ ነው በካቴና የታሰረው ገነነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከላይ ሰዎች እንዳሉት ያስጠነቀቃት።

«ስማቸውን ንገረኝ፤» አለችው እጇን እየታጠበች። «አሁኑኑ ላስጠራልህ።»

ገነነ ስም ሊጠራ አሰበ፤ የሚጠራው ግን አንድም አላገኘም። ለእሱ ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ያወቀው ያን ጊዜ ነበር።