«በቃ» የሚለው መልእክት

«ዓይንሽን ጠጋ አድርጊው እንጂ፣ አይነክስሽም!» አለቻት አክስቷ፣ በምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ።

ሚጡ ያበጠ ጉልበቷን ደገፍ አድርጋ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች። ነገ እናቷ ሐኪም ጋ ልትወስዳት ነው። የጉልበቷ ኪኒን አልሠራም ተብሎ ከበድ ያለ መርፌ ሊታዘዝላት ነው። ኪኒኑን ሽንት ቤት ስትደፋው እንደከረመች ግን ማንም አያውቅም። የባዮሎጂ መምህራቸው ቲ ሴሎች የሰውነት ወታደሮች ናቸው ብሏቸው ነበር፤ ኪኒኑ ደግሞ እነሱን እንደሚያዳክም ከዕቃው ጋር ባለው ወረቀት ላይ አንብባለች። የራሷን ወታደሮች በገዛ እጇ መምታት ጅልነት መሰላት።

«እንዴ! ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ክብ ክብ ነገሮች እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው ትንሿን ሳህን ሞልተዋታል።

«ቲ ሴሎች ናቸዋ። ‹ተነሱ፣ ተባዙ› የሚል መልእክተኛ ሞለኪውል ጨምሬባቸው ነው። አሁን ሁለተኛዋን እያት። እዚህች ላይ ‹በቃ› የሚለውንም ጨምሬበታለሁ።»

ሁለተኛዋ ሳህን ላይ ዘለላ የሚባል የለም። ሴሎቹ እዚህም እዚያም ለየብቻቸው ጸጥ ብለዋል።

«ገደልሻቸው?»

«ኧረ በሕይወት አሉ! ተረጋግተው ነው እንጂ።»

«ሰውነታችን ውስጥስ ማነው በቃ የሚላቸው? አንጎል ነው?»

«ራሳቸው ናቸው እኮ!» አክስቷ ስለ ሥራዋ ስታወራ ልጅ ትሆናለች። «ከመሃላቸው አረጋጊዎች አሉ። የሚገርምሽ፣ ተዋጊዎቹ ሲነሱ የሚለቁት መልእክት አረጋጊዎቹንም ያበረታል። አለቃ የለ፣ አዛዥ የለ!»

ሚጡ አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ ስትተኛ፣ ስትስቅ፣ ፈተና ላይ ስትጨነቅ፣ ይህ ሁሉ መልእክት ውስጧ ሲመላለስ ኖሯል። ሰውነቷን ወረራት፤ ደስታም ፍርሃትም ነበር።

«የኔ ጉልበት ላይስ?»

«እዚያማ በቃ የሚለው አንሶ ተዋጊዎቹ ጤነኛውን መገጣጠሚያ ያጠቁታል። ኪኒኑ የተሰጠሽ እነሱን ለማብረድ ነበር።» አክስቷ ተነፈሰች። «አንቺ ላይ ለምን እምቢ እንዳለ ግን እንጃ።»

ሚጡ ሽንት ቤት የደፋችውን ኪኒን አሰበች። እናቷ ስትሰማ ጉድ ይፈላል። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች።

«እምቢ አላለም፣ አክስቴ። አልዋጥኩትም።»

ሚጡ እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን ስጪኝ። ለእማዬ ራሴ ልንገራት።»