ከስብሰባ የማይቀረው ሰው

ፍራሹ ባዶ ነበር።

ብርድ ልብሱ ወደ ጎን ተገፍቷል። ትራሱ መሐል የትንሽ ጭንቅላት ጉድጓድ ቀርቷል። የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ ጎንበስ ብላ ፍራሹን በመዳፏ ነካችው። ቀዝቅዟል።

የጠፋችው የአራት ዓመት ልጅ ናት። ጉንጯ ሞላ ስላለ ሁሉም ድንቡሼ ይሏታል። ሌሎቹ ልጆች ከምሳ በኋላ የሚተኙትን እንቅልፍ ተኝተዋል። ኃላፊዋ ሽንት ቤቱን አየች። መጫወቻ ክፍሉን፣ ጓዳውን፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ጥግ አየች። የግቢው የውሃ ጋን ዘንድ ስትደርስ እጇ ክዳኑን አላነሳ አላት። በልቧ ልጅቷን እዚያ ውስጥ አይታ ጨርሳለች።

አነሳችው። ውሃ ብቻ ነበር።

ፖሊስ ጋ ደወለች። የድንቡሼ እናት ጋ ደወለች። ቀጥላ ኢንጂነሩ ጋ ደወለች።

ኢንጂነሩ የሚሉት የካሜራውን፣ የኮምፒውተሩንና በካርድ የሚከፈቱትን በሮች የሚከታተለውን፣ ማሽኖቹን የገጠመው ድርጅት ሰው ነው። በየወሩ ከኃላፊዋ ጋር ስብሰባ ይቀመጣል። ምን ተበላሸ፣ ምን ይቀየር፣ የማን ካርድ ይሰረዝ፣ አንድ በአንድ ያዩታል። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ስብሰባ ተጀምሮ ይረሳል። እሷ ግን የሰው ልጅ ተረክባ፣ ማሽን ይጠብቅልኝ ብላ የምትተኛ ሴት አይደለችም። አንድም ወር አላስታጎለችም። እሱም ቀርቶ አያውቅም።

ወዲያው መጣ። ላብ አጥምቆታል። «አይዞሽ እትዬ፣ ካሜራውን ልየው» ብሎ ቢሮዋ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

ከፖሊሶቹ ጋር የመጣችው መርማሪ ድምፀ ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት። ከዘበኛው ጀመረች።

«በሩን ለማን ከፈትክ?»

«ለማንም።»

«ተኝተህ ነበር?»

«እንኳን ቀን ሌሊትም አልተኛ። ሚስቴን ይጠይቋት።»

«ሚስትህ አይደለችም በሩ ላይ የተቀጠረችው።»

ይሄኔ ኢንጂነሩ ከቢሮው ብቅ አለ። ካሜራው ልጆቹ በተኙበት ሰዓት መስመር ጠፍቶበት ምንም አልቀዳም አለ። የኋላው በር ግን በካርድ ተከፍቷል፤ ካርዱም የምግብ ሠሪዋ ነው።

ምግብ ሠሪዋ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ካርዴ ከጠፋ ቆይቷል እያለች ማለች። መርማሪዋ ለማን እንደሸጠችው ስትጠይቃት፣ ሴትየዋ እንባዋን በሽርጧ ጠርጋ «እኔም ወልጃለሁ» ብቻ አለች።

መርማሪዋ ኃላፊዋን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። የልጅቷን እናት በስልክ ስለ አባትየው ብትጠይቃት ዝም እንዳለቻት ነገረቻት። ይህ ዝምታ አልጣማትም። ምናልባት እናትና ምግብ ሠሪ ተመካክረው ይሆናል አለችና ምግብ ሠሪዋን ጓዳ ድረስ ወስዳ ጥያቄዋን ቀጠለች።

ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። የካርዱን መጥፋት እሷ ራሷ ስብሰባ ላይ አንስታዋለች። ኢንጂነሩም እዚያው ፊቷ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ተጭኖ «ገድዬዋለሁ» ብሏታል። የተገደለ ካርድ እንዴት በር ይከፍታል?

ቸልተኛ ነው ማለት ነው። ደሟ ፈላ። ለአለቃው ትናገራለች። የአለቃውን ስልክ ግን ይዛው አታውቅም፤ ምንም ቢያጋጥማት ለኢንጂነሩ ነው የምትደውለው። ኮሪደሩ ላይ ያለው የማሽን ሣጥን ላይ የድርጅቱ ቁጥር የተጻፈበት ጫፉ የተላጠ ወረቀት ተለጥፏል። ደወለች። ገርበብ ባለው የቢሮው በር የኢንጂነሩ ጀርባ ይታያታል።

አለቃው ወቀሳዋን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ግራ በተጋባ ድምፅ «እናንተ እኮ ስብሰባውን ከተዋችሁት ቆያችሁ» አላት።

«ባለፈው ሳምንት ተሰብስበናል።»

«ከማን ጋር?»

ነገረችው።

«እሱን እኮ አባረነዋል፣ እመቤት። የደንበኞችን ፋይል እየከፈተ ሲያነብ ተይዞ ነው። እናንተም ስብሰባ አንፈልግም፣ ሲበላሽ እንደውላለን እንዳላችሁ የነገረን እሱ ነው። ስላልደወላችሁ ሰላም ናችሁ ብለን ተቀመጥን።»

የዓመቱ ውል ገና ስላላለቀ ማንም ማንንም አልጠየቀም ነበር።

ቢሮው ውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ቆመ። ኢንጂነሩ ዞረ።

«ማን ነው እትዬ?»

«ባለቤቴ ነው» አለች። ስልኩን ዘጋችው። «ሰምቶ ደንግጦ።»

ፈገግ አለ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ከመኪናው ዕቃ ላምጣ አለ። እሷ በሩ ላይ ቆመች። ይሄ ሰው ከወጣ ልጅቷ ለዘላለም ወጣች። ብጮህስ? እጁ ላይ ስለታም ነገር ቢኖርስ?

«መጀመሪያ ሻይ ላምጣልህ» አለችው።

«ሻይ አልፈልግም እትዬ። አሳልፊኝ።»

አላሳለፈችውም። እጁ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ የኮሪደሩ በር ተከፈተና የድንቡሼ እናት ከሥራ እየሮጠች ገባች።

አየችው። አልጮኸችም። ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች።

«ፈልጎ አገኘን» አለች።

መርማሪዋ ከጓዳው ስትወጣ ይህችን ቃል ሰማች። ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም። የሰውየውን ክንድ ወደ ኋላ ጠምዝዛ ያዘችው።

«ልጅቷ የት ናት?»

«ልጄ ናት።»

«የት ናት ነው ያልኩህ።»

በእሱ ፈንታ እናትየዋ በተቆራረጠ ድምፅ ተናገረች። እርጉዝ ሳለች ክንዷን ሰብሯታል። አራስነቷን ሳትጨርስ ልጇን አቅፋ ጠፋች፤ ሥራ ቀየረች፣ ሰፈር ቀየረች፣ መዝገብ ላይ አባት የለም አስባለች። እሱ ግን፣ በኋላ እንዳመነው፣ ለድርጅቱ ሲሠራ የማቆያውን ኮምፒውተር ከፍቶ ስሟን አገኘ። ሲባረር የቀረው መግቢያ ይህ የወሩ ስብሰባ ብቻ ነበር።

«ለምን ዛሬ?» አለች መርማሪዋ።

ሰውየው ኃላፊዋን አያት። «እሷ ናት የነገረችኝ።»

ነገሩ ለኃላፊዋ አሁን ገባት። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ የድንቡሼ እናት ከተማ ልትቀይር ስለሆነ ወሩ ሲያልቅ ካርዷ ይሰረዝ ብላው ነበር። እሱ ደግሞ የጠፋውን ካርድ አንስቶ ሳይገድለው በኪሱ ይዞ ቆይቷል።

«እናቴ ቤት ናት» አለ በመጨረሻ። «ስትደውሉ ባልመጣ ታውቁብኛላችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ማታ ልንሄድ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሄዱ። ኃላፊዋ አላመነችም። ውሸቱን ቢሆንስ? መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ? ድንቡሼን አንዲት ፖሊስ ታቅፋት እስክትገባ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳብሳ እስክታይ ድረስ ከበሩ አልራቀችም። አያትየዋ ልጅቷ በእናቷ ፈቃድ የመጣች መስሏት አጥባ አስተኝታት ነበር። ሻንጣው በሩ ሥር ተዘጋጅቷል።

ሰውየውን ከወሰዱት በኋላ እናትየዋ ልጇን ትከሻዋ ላይ እንደተኛች ይዛ ቢሮው ገባች። የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀች። ኃላፊዋ ከመስኮቱ ጎን ያለውን ወንበር አሳየቻት። እናትየዋ ተቀመጠችበት። ከዚያ ሆኖ ግቢው ሁሉ ይታያል፤ ዥዋዥዌው፣ አሸዋው፣ ልጆቹ ጫማቸውን የሚያወልቁበት ደረጃ።

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

«ሻይም ትሰጡት ነበር?»

ኃላፊዋ መዋሸት አማራት። «እሰጠው ነበር።»

እናትየዋ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። «አሁን ሰርዙልኝ፤ ዓይኔ እያየ» አለች።

ኃላፊዋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እጆቿ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። እንዴት እንደሚሰረዝ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።