የስንጥቁ ፊደል

እርጥብ ሸክላ ላይ እየተጫነ ይጻፍ የነበረው የጥንቱ የሽብልቅ ጽሕፈት ሊቅ የንባብ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከጀርባው የነበረው መደርደሪያ ማጅራቱ ላይ ወድቋል። ከፊቱ የሸክላ ጽላት፣ ከጽላቱም አናት ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያበራ መብራት አለ።

«ሲያነብ ወደቀበት፤ አለቀ» አለ ፊደል ሠሪው። ጥንታዊ ምልክቶችን ለኮምፒውተር የሚስለው እሱ ነው፤ ትዕቢቱ ከቁመቱ ይበልጣል።

«አለቀ የምለው እኔ ነኝ» አለች ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሚስቱ፣ ረዳት አንባቢውና ይኸው ጉረኛ። ረዳቱ ጠዋት ከሊቁ ጋር ሲጨቃጨቅ ስለተሰማ ካቴናው ለእሱ ተዘጋጅቷል።

«ያሳደጉኝን ጋሼን? እኔ?» አለ ረዳቱ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ይሄ ሰውዬ አገኘሁት ብሎ ኮምፒውተሮች ሁሉ ለሚጠቀሙበት የዓለም የፊደል ኮድ ሰንጠረዥ ባቀረበው ምልክት። ጋሼ ‹ፊደል አይደለም፤ የሸክላው ስንጥቅ ነው፤ ይውጣ› ብለው ለሰንጠረዡ አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፉ። እኔ ‹ሰው ፊት አያዋርዱት› አልኳቸው።»

«አቧራ ጠራጊ ሁላ!» አለ ፊደል ሠሪው። «ያለ እኔ ማን ያነባችሁ ነበር?»

ክፍሉ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ወንፊት መብራቱን ጥግ አስቀምጣ፣ ሦስቱንም በየተራ አስገባችና «ጽላቱን ያንብቡልኝ» አለቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች።

«እትዬ፣ መብራቱን ከጽላቱ ጎን ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። ረዳቱም እንዲሁ። ለምን?»

«ሸክላ የሚነበበው በጥላው ነዋ» አለች ሚስቱ። «ከላይ ካበሩበት ልሙጥ ነው፤ ምንም አይታይም።»

«እርስዎ ግን እንደ ጋዜጣ ከአናቱ ላይ ገተሩት» አለች ወደ ፊደል ሠሪው ዞራ። «ሟቹም ፊት የነበረው እንደዚያው ነው። አርባ ዓመት ጽላት ያነበበ ሰው እንዲህ አያበራም። ስለዚህ ሲያነብ አልሞተም። መጀመሪያ ከኋላው ተመታ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፣ በመጨረሻ መደርደሪያው ተጣለበት። ይህን ያሰናዳው ከፎቶ በቀር ሸክላ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ንቀትዎ ስለበዛ እንዴት እንደሚያነብ እንኳ ቀና ብለው አላዩም።»

ሰውየው ሳቀ። «እሺ፣ ምን ታመጣላችሁ? ደብዳቤው አልተላከም። ሰንጠረዡ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንዴ ቁጥር የተሰጠው ምልክት ደግሞ አይሰረዝም። የኔ ፊደል ለዘላለም ይኖራል!»

«ገና ሁለት ሰዓት አለን» አለች ወንፊት። «እትዬ፣ የባለቤትዎን ኮምፒውተር ይክፈቱት።»

ሚስቱ ዓይኗን ጠርጋ ተቀመጠች። ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አነበበችውና ላከችው።

ለሟቹ አንዲት ዘለላ እንባ ያላወጣው ሰው ያን ጊዜ አለቀሰ።